አያቴ መቆለፍ ስላቃታት የሠራሁት ሐብል ንግድ ይወጣዋል?

ዶቃና_ክር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ጥያቄ አለኝ። ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ጌጥ ነፍሷ ነው። ቁርጥማት ጣቶቿን ከያዛት ወዲህ ግን አንድ በአንድ ተወችው። መጀመሪያ ሐብሉ ቀረ፣ ቀጥሎ ጉትቻው፣ ቀለበቷማ የጣቷ አንጓ ስላበጠ ከነጭራሹ አያልፍም። ስጠይቃት «አሁን ደግሞ ለማን ብዬ ነው የማጌጠው» ትለኛለች። እሷ እንዲህ ትበል እንጂ ነገሩ የዕድሜ አይደለም፣ የመቆለፊያ ነው። እስቲ አስቡት፦ ሁለት ክንድ ወደ ማጅራት ይነሣል፣ ትከሻ ያማል፣ ከዚያ ሳያዩ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ምላስ በጥፍር ጫፍ ስቦ ይዞ በሌላው እጅ ቀዳዳውን ፈልጎ ማስገባት። ጣቱ ለማይታዘዝለት ሰው ይኼ ሥቃይ ነው። ሰው ጠርታ ማስቆለፍ ደግሞ አትወድም። ኩሩ ናት።

ስለዚህ አንድ ሠራሁላት። ትልልቅ ግን ቀለል ያሉ የእንጨት ዶቃዎች፣ መቆለፊያው ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ እሱም ማግኔት። ሁለቱን ጫፍ ስታቀራርባቸው ጠቅ ብለው ይያያዛሉ። አደረገችው፣ በማግስቱም አደረገችው። ጓደኞቿ አይተው «ለእኔስ?» ማለት ጀመሩ፣ የጓደኞቿ ልጆች ደወሉልኝ፣ አሁን ከምችለው በላይ ጠያቂ አለኝ።

ጥያቄዎቼ። አንደኛ፣ ጣታቸው ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ብቻ ብዬ ብጀምር ገበያው አይጠብብኝም ወይ? ሁለተኛ፣ ዋጋ እንዴት ነው የሚወጣው? እስካሁን የዶቃውን ብቻ ነው የምቀበለው። ሦስተኛ፣ የአያቴን ስምና ፎቶ ላድርግበት? ሁሉም ነገር ከእሷ ስለመጣ ያለ እሷ ባዶ ይመስለኛል።

ሞረድ፦
ብር ስቀጠቅጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ በግልጽ ልናገር። «ለእናቴ መታሰቢያ»፣ «በእህቴ ፍቅር ተነሣሥቼ» የሚል ጀማሪ ሞልቷል። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ግን ዕቃውን ስታዪው ከሌላው ሰው ዕቃ ምንም አይለይም፣ ያው ዶቃ፣ ያው ሽቦ፣ ካርዱ ላይ ብቻ ታሪክ ተጽፎበታል። ገዢ ካርዱን አንዴ አንብቦ ይጥለዋል፣ ሐብሉን ግን በየቀኑ ነው የሚያደርገው። አንቺ ጋ አያትሽ ዕቃው ውስጥ ገብተዋል። መቆለፊያው እዚያ ቦታ የተቀመጠው በእሳቸው ትከሻ ምክንያት ነው። ይኼን አትልቀቂው።

ይጠባል ላልሽው፣ ይጥበብ። ለነገሩ ያን ያህልም አይጠብም። ቁርጥማት ያለበት አለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ አለ፣ ከስትሮክ በኋላ በአንድ እጁ የሚኖር አለ፣ ዓይኑ የደከመ አለ፣ ጥፍሯን አስረዝማ ምንም መቆንጠጥ ያቃታት ወጣትም አለች።

ማግኔቱን ግን አልወደድኩትም። ቀጥ አድርገሽ ስትጎትቺው ጠንካራ ነው፣ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ተንሸራትቶ ይለቃል። ከባድ ሐብል ከሆነ መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል። የግድ ማግኔት ካልሽ አንዱ ጫፍ ሌላው ውስጥ ጎድጎድ ብሎ የሚቀመጥ፣ ከንፈር ያለው ዓይነት አለ።

ነጭ_ገዋን፦
ማግኔት ከተነሣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ነርስ ነኝ፣ የልብ ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው።

የልብ ምት ማስተካከያ፣ ፔስሜከር የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከትከሻ ዝቅ ብሎ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ነው። ጠንካራ ማግኔት ሲጠጋው አሠራሩ ይቀየራል። የልቡን የራሱን ምት መከታተል ትቶ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ብቻ መምታት ይጀምራል። ዲፊብሪሌተር ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ መሣሪያው ልብ በድንገት ሲዛባ በኤሌክትሪክ እንዲያስተካክል ነው የተቀመጠው፣ ማግኔቱ አጠገቡ እስካለ ድረስ ግን ያንን ላያደርግ ይችላል። ማግኔቱ ሲርቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ቢሆንም ማንም በዚህ አይቀልድም። የሚሰጠው ምክር ማግኔት ያለበትን ዕቃ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ማራቅ ነው።

አሁን ንድፍሽን እዪው። መቆለፊያውን ከማጅራት ወደ ፊት አምጥተሽዋል፣ ማለትም መሣሪያው ወዳለበት። ገዢዎችሽስ እነማን ናቸው? ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች። መሣሪያው በብዛት የሚገኘውም እነሱ ጋ ነው።

አንድ ልጨምር። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶች ለሕፃን አደገኛ ናቸው። ከአንድ በላይ ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ በተለያየ ቦታ ሆነው ይሳሳቡና መሐል የገባውን አንጀት ይበሱታል። አያት ጉልበት ላይ ተቀምጦ ሐብል የሚያኝከው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ዶቃና_ክር፦
ወይኔ ጉዴ። የአያቴ ልብ ደህና ነው፣ የሌሎቹን ግን ጠይቄም አላውቅ። ለወሰዱት ሁሉ ዛሬውኑ እደውላለሁ። ነጭ ገዋን፣ ዕድሜ ይስጥሽ። (ይስጥህ ከሆነም ይቅርታ።)

ታዲያ ማግኔቱ ከወጣ ምን ቀረኝ? ሐሳቡ ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ነበር የመሰለኝ።

ሞረድ፦
ኧረ ብዙ ቀርቶሻል።

መጀመሪያ መቆለፊያ የሌለውን አስቢ። ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሐብል በጭንቅላት ያልፋል። ክንድ ትንሽ ይፈልጋል፣ ጣት ግን አይፈልግም።

ቀጥሎ ቶግል። አንድ ክብ ቀለበትና አንድ ዘንግ ማለት ነው። ዘንጉን በቀለበቱ አሾልኮ ማጋደም ብቻ፣ መቆንጠጥ የለውም። ቀለበቱን ትልቅ አድርጊና ከፊት አምጪው፣ የጌጡ ዋና አካል ይሁን እንጂ አትደብቂው። ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር፣ ከዘንጉ ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ዶቃዎች ትንንሽ መሆን አለባቸው። ትልልቅ ከሆኑ ዘንጉ ቀለበቱ ውስጥ በቂ ርቀት ስለማይገባ ለመጋደም ቦታ ያጣል፣ ሰውዬውም ሐብሉ ተበላሽቶ ይመስለዋል። ዘንጉ ደግሞ ከቀለበቱ የውስጥ ስፋት በደንብ መርዘም አለበት። ቶግልን የሚያጸናው የሐብሉ ክብደት ነው፣ ወደ ታች ሲጎትተው ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ እንደ ላባ የቀለለ ሐብል ላይ ሲንቀሳቀሱ ይፈታል። የእንጨት ዶቃሽን በዚህ መዝኚው። ምናልባት ከፊት አንድ ከበድ ያለ ድንጋይ መጨመር ይኖርብሻል።

የኤስ ቅርጽ ማንጠልጠያም አለ። ከወፍራም ሽቦ ራስሽ ታጥፊዋለሽ፣ ከዚያ በመዶሻ ቀስ ብለሽ ትቀጠቅጪዋለሽ። ብር ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፣ ካልተቀጠቀጠ ግን እየተከፈተ ይሄዳል። ለእጅ ከሆነ አፉ ክፍት የሆነ አምባር፣ በአንድ እጅ ይገባል ይወጣል። ላስቲክ ቀላል ነው፣ ግን ላስቲክ ይደክማል። አንድ ቀን መበጠሱ ስለማይቀር ስትሸጪ ተናገሪ።

መደርደሪያ ሽቦ ስትገዢ የገመዱን ቁጥር እዪ። በናይሎን የተሸፈነው ሽቦ ባለ 7፣ ባለ 19 እና ባለ 49 ክር ሆኖ ይመጣል። 49ኙ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ አይሰበርም፣ አንገት ላይም እንደ ክር ይተኛል። ዋጋው ይወደዳል፣ ይወደድ።

ጣቴ_እምቢ_አለ፦
ከጣቴ ጋር ስጣላ ዓመታት ያለፉኝ ሰው ስለሆንኩ ገዢሽ እኔ ነኝ ማለት ነው። አሮጊት ግን አይደለሁም። ሪህ መሰል ነገር ሁሉ የሽማግሌ በሽታ ይመስላችኋል፣ የእኔ ዓይነቱ፣ ሩማቶይድ የሚሉት፣ በየትኛውም ዕድሜ ይጀምራል። ስለዚህ እባክሽ «ለአረጋውያን» ብለሽ አትጻፊ። እኔ እንዲህ የተጻፈበትን አላነሣም፣ ብሞት አላነሣም። «በአንድ እጅ የሚደረግ»፣ «ያለ መቆለፊያ» በዪ፣ የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ይገባዋል።

ከመልኩም የሐኪም ዕቃ እንዳይመስል። ለእኛ ተብሎ የሚሠራ ነገር ሁሉ ግራጫ ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቀዩን፣ ደማቁን ሥሪ።

ስለ ቀለበት ማንም አላነሣም። የእኛ ችግር ጣቱ አይደለም፣ አንጓው ነው። በአንጓው የሚያልፍ ቀለበት ሥሩ ላይ ሲደርስ ይሰፋና ይዞራል፣ ሥሩ ላይ ልክ የሆነው ደግሞ በአንጓው አያልፍም። አፉ ክፍት የሆነ፣ ትንሽ ጠበብና ሰፋ የሚል ቀለበት ከሠራሽ ወረፋ ይኖርሻል። አንጥረኞች ማጠፊያ ያለው፣ ተከፍቶ ጣት ላይ የሚዘጋም ይሠራሉ፣ እሱ ግን ውድ ነው።

ጉትቻ ላይ ከኋላ የምትገፋውን ቢራቢሮ ተዪያት። ትወድቃለች፣ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ደግሞ ሌላ ጣጣ። መንጠቆው ረዘም ያለ፣ በራሱ የሚንጠለጠል ይሻላል።

ደግሞ ማሸጊያውን! በጣም የምታምር ትንሽዬ ሣጥን፣ በሪባን ታስራ፣ በማጣበቂያ ታሽጋ ስትመጣልኝ በጥርሴ ነው የምከፍታት። ለእንደኛ ዓይነቱ ሐብል እየሠራሽ በማይከፈት ሣጥን እንዳትልኪው።

ዶቃና_ክር፦
ሣጥኑን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። በጥርስ ሲከፈት ታየኝና ሳቄ መጣ፣ አዝኜም። ከሸራ የተሰፋ፣ አፉ ሰፊ ከረጢት ብለው?

ጣቴ_እምቢ_አለ፦
አዎ። ማሰሪያው ግን ገመድ አይሁን። ዝም ብሎ የሚታጠፍ ክዳን ይበቃል።

ያልታወቀ_አንባቢ፦
በመሐል ልግባና፣ እኔ ርካሽ ጉትቻ ባደረግኩ ቁጥር ጆሮዬ ይቆስላል። «ብር ነው» ተብዬ የገዛሁትም እንደዚያው። አንቺ በምንድን ነው የምትሠሪው?

ሞረድ፦
ነገሩ ኒኬል ይመስለኛል፣ እርግጡን ግን የቆዳ ሐኪም ይንገርህ። ርካሽ ብረት ላይ በብር ቀለም የተቀባ ነገር «ብር» ተብሎ ይሸጣል፣ ቅቡ ሲያልቅ ኒኬሉ ቆዳ ያገኛል። አለርጂው አንዴ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ ገደብ እስከ ማበጀት ደርሷል፣ ቆዳ ላይ የሚውል ጌጥ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል መልቀቅ የለበትም፣ በተበሳ ጆሮ ለሚገባው ክፍል ደግሞ ዛሬ ገደቡ 0.2 ነው።

925 የሚል ማኅተም ያለው ብር 92.5 በመቶው ብር ነው፣ ቀሪው ብዙ ጊዜ መዳብ። ቲታኒየምና ኒዮቢየምም ለሚቆጣ ጆሮ ጥሩ ናቸው። ለጠያቂዋ ደግሞ፣ እነዚያ ጠንካራ ማግኔቶች በአብዛኛው የሚለበጡት በኒኬል ነው። ማግኔቱን የምትተዪበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት።

ደረሰኝ_ይቀመጥ፦
ስለ ዋጋ የተጠየቀውን ሁሉም ዘለለው፣ እንደ ልማዳችን። እኔ ልመልስ።

የዶቃውን ብቻ ትቀበያለሽ ማለት ሥራሽን በነጻ እየሰጠሽ ነው፣ ከዚያም በላይ እየከሰርሽ ነው፣ ምክንያቱም የተበጠሰው ሽቦ፣ የተሰበረው ዶቃ፣ ፒንሳው፣ ማሸጊያው፣ መላኪያው ሁሉ ከኪስሽ ነው። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ቁሳቁሱ 30 ይሁን። የሰዓትሽን ዋጋ 40 ብለሽ ብትቆርጪና አንዱ ሐብል ሰዓት ተኩል ቢፈጅ 60። ሌላ ሌላው ወጪ ሲካፈል 10። ድምሩ 100፣ ይኼ ወጪሽ ነው። በእጥፍ፣ 200፣ ለሱቅ የምታስረክቢበት፤ ሱቁ ደግሞ በእጥፉ 400 ይሸጠዋል። ሕግ አይደለም፣ አራት እጥፉን ገበያው የማይሸከምበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ዋጋውን ከመቁረጥ በፊት ሰዓቱን ቁረጪ፦ ንድፉን አቅልይ፣ ብዙ አንድ ላይ ሥሪ፣ ቁሳቁሱን በጅምላ ግዢ።

ዋናው ነገር ግን 100 ላይ መሸጥ አትልመጂ። «ለሰው በቀጥታ ነው የምሸጠው፣ ይበቃኛል» ትያለሽ። ነገ አንድ ሱቅ ዕቃሽን ወዶ ግማሹን ልውሰድ ሲልሽ እያንዳንዱ ሐብል 50 ያስከፍልሻል። ዋጋ ከፍ ማድረግ ደግሞ የለመደ ገዢ ፊት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል።

ዶቃና_ክር፦
ሒሳቡ ገባኝ። ግን እነዚህ ሰዎች እኮ የአያቴ ጓደኞች ናቸው። አንዳንዶቹ ብዙ ገቢ የላቸውም። ከታመመ ሰው ላይ ማትረፍ ይከብደኛል።

ጣቴ_እምቢ_አለ፦
እኔን እንደ ምጽዋት አትሽጪልኝ። ልክ የሆነ ዋጋ ስከፍል ነው ሲበጠስ «ጠግኚልኝ» ለማለት አፍ የሚኖረኝ። በርካሽ ሰጥተሽኝ በዓመቱ ሥራውን ብትዘጊ ምን ጠቀምሽኝ? ለአያትሽ ጓደኞች ስጦታ ስጪ፣ ማንም አይከለክልሽም። ስጦታው ስጦታ ይባል፣ ሽያጩ ሽያጭ ይሁን።

ደረሰኝ_ይቀመጥ፦
ይኼን እኔም ከዚህ አሳምሬ አልልም። በደብተር ለይተሽ ያዢው ብቻ። ስጦታ የሚወጣው ከትርፍ ነው።

ብልጭልጭ፦
ደስታሽን ላበላሽ አይደለም ግን ይኼን ማንም ይገለብጠዋል። ቶግል የፈጠርሽው አንቺ አይደለሽም፣ ረጅም ሐብልም አይደለም። ሳምንት ሳይሞላ በፋብሪካ ተሠርቶ በሩብ ዋጋ ታዪዋለሽ። በእጅ የሚሠራ ጌጥ ገበያው ሞልቷል፣ እኔ ሞክሬ ወጥቻለሁ።

ሞረድ፦
ይገለብጡት። ፋብሪካው የሚሠራው በአንድ ልክ ነው። ይቺ ልጅ ገዢዋን «ክንድሽ እስከ የት ይነሣል? የቱ እጅ ይሻላል? አንጓሽ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃ ነው የምትሠራው። እውነቱን ለመናገር ይኼ አድካሚ ሥራ ነው፣ ቶሎም አያበለጽግም፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም።

የአባቴ_ፊርማ፦
ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰደው፣ የእኔ ቤት ስለሆነ። እኔ የጀመርኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ፊርማውን ብር ላይ ቀርጬ ነው፣ ዛሬ የምኖረው የሌሎች ሰዎችን ወላጆች የእጅ ጽሕፈት በመቅረጽ ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሞት ለቀሪ ዘመኗ ሐዘን ላይ ኖረች፣ በእሷ ዘመን ከጥቁር ድንጋይና ከሟች ፀጉር ጭምር የሐዘን ጌጥ መሥራት ትልቅ ሥራ ነበር።

ከልምዴ የምነግርሽ፣ የምትወጂውን ሰው ስምና ፊት ሸቀጥ ላይ ስታደርጊ ሸቀጡ ላይ የሚደርሰው ሁሉ እሱ ላይ ይደርሳል። አንድ ገዢ ተናዶ «ይኼ ነገር ቆሻሻ ነው» ብሎ ሲጽፍ ከአባቴ ስም ሥር ነው የሚጽፈው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አሁን ሱቄ ሌላ ስም ነው ያለው፣ የአባቴ ታሪክ ግን «ስለ እኛ» በሚለው ገጽ ላይ በአጭሩ አለ፣ የፈለገ ያነባል። ቢዝነሱን አንድ ቀን መሸጥ ወይም መዝጋት ሲኖርብሽም ይቀልሻል።

ደግሞ አያትሽ በሕይወት አሉ። የእኔ አባት አይመልስልኝም፣ አንቺ ግን መጠየቅ ትችያለሽ። ምን ይላሉ?

አንድ ማሳሰቢያ፣ ሰዎች ይኼን ታሪክ ሲሰሙ የሟች እናታቸውን ዶቃ ይዘው «ይኼን በአንቺ መቆለፊያ ቀይሪልኝ» ማለታቸው አይቀርም። ከመንካትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፣ ዶቃውን ቆጥረሽ ጻፊ፣ የተሰነጠቀ ካለ እዚያው አሳዪ። ሌላ የማይገኝለት ዕቃ ነው። እኔ የማልችለውን አልቀበልም፣ ምትክ የሌለውን ደግሞ በፖስታ አላስልክም።

ዶቃና_ክር፦
ጠየቅኳት። መጀመሪያ «እኔን ገበያ ልታወጪኝ ነው?» አለች። ከዚያ ቆይታ ፎቶውን ከፈለግሽ የወጣትነቴን አድርጊው አለች። ስሟን ግን አልፈለገችም፣ «ስሜ ለሚጠራኝ ሰው ነው» ብላ ዘጋችው። ስለዚህ ሱቁ ሌላ ስም ይፈለግለታል። ፎቶውንም ለራሴ ነው የማስቀምጠው፣ የአባቴ ፊርማ ያለው ገብቶኛል።

ለወሰዱት ሁሉ ደወልኩ። አንዷ ፔስሜከር አላቸው፣ አውልቀው አስቀምጠውታል፣ በቶግል እቀይርላቸዋለሁ።

በሦስት ነገር ልጀምር ነው፦ በጭንቅላት የሚያልፍ ረጅም ሐብል፣ ከፊት ቶግል ያለው አጭር ሐብል፣ አፉ ክፍት የሆነ አምባር። ቀለበቱን ብር መሥራት ስማር። ነጭ ገዋን ያልሽውን በሚመለከት ማግኔት ጭራሽ አልሠራም።

የመጨረሻ ጥያቄ ለሞረድ፦ አያቴ ቶግሉን ሞከረችው፣ ታስገባዋለች፣ ግን ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ ጣቷ ላይ አይታወቃትም፣ ይሾልካታል። ዘንጉን ባወፍረው ቀለበቱን ምን ያህል ላስፋው?

ሞረድ፦
ዘንጉን አታወፍሪው፣ ቀለበቱን እያሰፋሽ ሄደሽ ሄደሽ ሐብሉ ሁሉ መቆለፊያ ይሆናል። መሐሉ እንዳለ ይቅር፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ብቻ ክብ የብር ጉብታ አድርጊ፣ ወይም ለጊዜው ጫፎቹ ላይ ሻካራ ሽቦ ጠምጥሚ። ጣቷ እሱን ያገኘዋል። ከዚያ ቀለበቱን ያ ጉብታ በሚያልፍበት ልክ ብቻ አስፊው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሞክሩት።